ገንዘብ ለማምጣት የተላከው መልአክ

በቅዱስ ሩፋኤል በዓል የሰማነው ስብከት ስለ ጦቢት ዓይን መብራት ነበር። ስንወጣ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ፣ «አብሮኝ የሚያስቀድስ ሰው ገንዘብ ተበድሮኝ ስልኩን አጠፋ። ዛሬም አይቶኝ ፊቱን አዞረ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፈ ጦቢትን እንደገና እያነበብኩ ነው።

ልብ በሉ። ጦቢት ለልጁ የመንገድ ጓደኛ የፈለገው ዓይኑን ለማስፈወስ አልነበረም፤ ገንዘቡን ለማስመጣት ነው። በደህናው ዘመን በሜዶን አገር፣ በራጌስ፣ ገባኤል ለሚባል ሰው 10 መክሊት ብር አደራ ሰጥቶ ነበር። ኋላ መንገዱ ታወከና ሄዶ ማምጣት አልቻለም። መክሊት ክብደት ነው፤ አንዱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ያኔ ብር በሚዛን ነበር የሚከፈለው። ነቢዩ ኤርምያስም እርሻ ሲገዛ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፍሏል። ውሉን ጽፎ አትሟል፣ ምስክሮች አቁሟል፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦታል። ነቢይ ነኝና ቃሌ ይበቃል አላለም።

ሩፋኤልም በሰው አምሳል፣ አዛርያስ ተብሎ የልጁ የመንገድ ጓደኛ ሆነ፤ የአደራውን ጽሕፈት ይዞ፣ ሁለት ግመል አስከትሎ ራጌስ ገባ። ጽሕፈቱን ለገባኤል ሰጠው። ገባኤል ምን አደረገ? ማኅተማቸው ያልተነካ ከረጢቶች አውጥቶ አስረከበው። «ነገ ተመለስ» አላለም። «ጦቢትማ ደኸየ፣ ታወረ፣ ማን ይጠይቀኛል?» አላለም። እኔ ይህችን ቦታ ሳነብ ዝም እላለሁ። በእግዚአብሔር ዙፋን ፊት የሚቆም ሊቀ መላእክት ለሰው አደራ ደረሰኝ ተሸክሞ ሄደ! እኛ ግን ዕዳን «የዓለም ጉዳይ» እያልን ከመንፈሳዊነታችን ለይተነዋል።

ጦቢት ልጁን ከመላኩ በፊት የሰጠው ምክር አለ፤ የምወደው ቃል ነው (ጦቢት 4፥14)። ለሠራልህ ሰው ደመወዙን ወዲያው ስጠው፣ አንተ ዘንድ አይደር ይለዋል። በቃሉም ኖሯል። ከሩፋኤል ጋር ሲዋዋል በቀን አንድ ድሪም ብሎ ቆረጠ፤ ሲመለሱ ደግሞ ካመጡት ሁሉ እኩሌታውን ውሰድ አሉት። ሚስቱ ሐናስ? ፈትላ ስታድር አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ የፍየል ግልገል መረቁላት። ዓይነ ስውሩ ጦቢት ግልገሉ ሲጮህ ሰማና ደነገጠ። የተሰረቀ መስሎት ለባለቤቱ መልሺ አላት። እርግጥ ሚስቱን በከንቱ ጠርጥሯል፣ እሷም ተቆጥታዋለች። ግን የሰው ሀቅ ቤቱ እንዳያድር የሚፈራውን ፍርሃት አያችሁ? እኛ ዘንድ ስንት የሠራተኛ ደመወዝ አድሯል? ስንቱስ ከርሟል?

«ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» ይላል ዳዊት። የሰው ገንዘብ በልተን መዝሙር ብንዘምር መዝሙሩ የት ይደርሳል? ጌታ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር ቢኖር መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ታረቅ ብሎናል። አስቀድመህ!

ለአበዳሪም ቃል አለ። በኦሪት ባለ ገንዘብ መያዣ ሊወስድ የተበዳሪውን ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ድሃው ልብሱን ካስያዘ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመልስለታል፣ ለብሶት እንዲተኛ። ወፍጮ ግን ከነጭራሹ አይያዝም፤ የሰው ሕይወት ነውና።

አጥተህ ያልከፈልክ ወንድሜ፣ አጥተሽ የተጨነቅሽ እህቴ፣ ቁጣዬ እናንተ ላይ አይደለም። እንደ ነነዌ ባሉ አገሮች የዕዳ ውል በሸክላ ጽላት ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዕዳው ሲከፈል ጽላቱን ይሰብሩታል። ያ የሸክላ ስባሪ መሬት ላይ ሲበተን ባለ ዕዳው እንዴት ይተነፍስ ይሆን? ቅዱስ ጳውሎስ በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት ክርስቶስ በመስቀል ጠርቆ አስወገደው ይለናል። እንዲህ ያለ ጌታ ያለው ሰው ከባለ ገንዘቡ መደበቅ የለበትም። ስልካችሁን ክፈቱት። ዛሬ ማታ ደውሉና «አሁን የለኝም፣ ግን አልረሳሁህም፤ በዚህ ወር ይህችን ያህል እሰጥሃለሁ» በሉት። ያ ወንድም አሁንም እየጠበቀ ነው።