የሆንግ ኮንግ የዝሆን ጥርስ ንግድና የለንደን የስድስት ወር ተዓቅቦ

ሆንግ ኮንግ በብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ከዓለም ዋና ዋና የዝሆን ጥርስ መናኸሪያዎች አንዷ ነበረች። ከአፍሪካ የመጣው ጥርስ እዚያ ተጠርቦ ማኅተም፣ ሐውልትና ጌጣጌጥ ሆኖ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። ጠራቢዎቿ በተለይ የሚታወቁት ከአንድ ወጥ ጥርስ ድርብርብ ኳስ በመፈልፈል ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ በሌላው ሆድ ውስጥ ለብቻው ይሽከረከራል።

ቅኝ ግዛት በመሆኗ በስሟ ዓለም አቀፍ ውል የምትገባው ለንደን ነበረች። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባላት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1989 ሎዛን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን ዝሆን ዓለም አቀፍ ንግዳቸው የተከለከለ ዝርያዎች ወደሚዘረዘሩበት አባሪ 1 አዛወሩት። በአሥር ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ1.3 ሚሊዮን ወደ 600,000 ገደማ አሽቆልቁሎ ነበርና ዓለም አቀፍ ንግዱ ከጃንዋሪ 18 ቀን 1990 ጀምሮ እንዲከለከል ተወሰነ።

በሆንግ ኮንግ መጋዘኖች ግን 670 ቶን ያህል ጥርስ ተከማችቶ ነበር። ነጋዴዎቹ በሕግ ያስገባነው ሀብት ሜዳ ላይ ይቅር ወይ አሉ። ጊዜውም ለለንደን የሚመች አልነበረም፤ ቤጂንግ ውስጥ በሰልፈኞች ላይ ከተፈጸመው የቲያንአንመን ግድያ ወራት ቢያልፉ ነው፣ ግዛቲቱን ለቻይና ማስረከቢያው 1997ም እየቀረበ ነበር። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ለሆንግ ኮንግ ብቻ የሚያገለግል የስድስት ወር ተዓቅቦ፣ ማለትም ክልከላው አይመለከተኝም የሚል መግለጫ፣ አስመዘገበ። ብሪታኒያ የራሷን በር ለጥርስ የዘጋችው ከጉባኤው በፊት ስለነበር፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

ተዓቅቦው ግን ከጩኸቱ ያነሰ ነበር። ያስመዘገበ ወገን በዚያ እንስሳ ንግድ ረገድ እንደ አባል አይቆጠርም፤ ሆኖም ገዥ ከሌለ መብቱ ብቻውን ምን ይሠራል? ዋነኞቹ ደንበኞች ጃፓን፣ አሜሪካና አውሮፓ ክልከላውን ተቀብለዋል። መሸጥ የሚቻለው ከስምምነቱ ውጭ ላሉ ወይም ራሳቸው ተዓቅቦ ላስመዘገቡ ጥቂት አገሮች ነበር። ጁላይ 18 ቀን 1990 ቀነ ገደቡ አበቃ።

ብዙም ያልተጮኸበት የአገር ውስጥ ሽያጭ ግን ከቅኝ አገዛዙም ዕድሜው ረዘመ። የተመዘገበ አሮጌ ክምችት በፈቃድ ሲሸጥ ኖረ፤ በዚያ ሽፋን አዲስ የታደነ ጥርስ እየተቀላቀለ ይወጣል የሚለው ክስም አብሮት ዘለቀ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ንግዱን ደረጃ በደረጃ ለመዝጋት የወሰነው በ2018 ሲሆን፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የተዘጋው በ2021 መጨረሻ ነው። ከጁላይ 1925 በፊት የተሠሩ ቅርሳ ቅርሶች ከክልከላው ውጭ ናቸው።