ኦክስፎርድ ሄዶ ዩኒቨርሲቲውን ማጣት

ኦክስፎርድ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመሄዴ በፊት ጓደኞቼ ስለ ከተማው ያልነገሩኝ የለም። አብዛኛው ልክ አልነበረም። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

«ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ትወርዳለህ»

ስድስት ኪሎን እያሰቡ ነው። እዚህ ዋና በርም፣ ሁሉን የሚከብ አጥርም የለም። ከ30 በላይ ኮሌጆች በሱቅና በቤተ ክርስቲያን መሃል ተበታትነው ተቀምጠዋል። «ዩኒቨርሲቲው የቱ ጋ ነው?» ብዬ አንድ ሽማግሌ ብጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው የቆምኩበትን መሬት አሳዩኝ።

«ተማሪ ካልሆንክ አያስገቡህም»

ግማሹ እውነት ነው። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ የቦድሊያን፣ ማንበቢያ ክፍሎች የአንባቢ ካርድ ይፈልጋሉ። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ባለ ጉልላቱ ክብ ሕንፃ፣ ራድክሊፍ ካሜራ፣ ራሱ ማንበቢያ ነው። (ካሜራ ሲባል ፎቶ ማንሻ እንዳይመስላችሁ፤ በላቲን ክፍል ማለት ነው።) ዌስተን ቤተ መጻሕፍት ግን የታችኛው አዳራሽ ለማንም ክፍት ነው፣ ኤግዚቢሽኑም በነፃ። በ1683 የተከፈተው አሽሞሊያን ሙዚየምም እንዲሁ።

«ለትልቅ ሰው መጽሐፍ ያውሳሉ»

በፍጹም! ቦድሊያን በ1602 ሲከፈት ጀምሮ ሕጉ መጽሐፍ ከቤት አይወጣም የሚል ነው። በ1645 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አንድ መጽሐፍ አምጡልኝ ብለው ላኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደንቡን አሳይቶ እንቢ አለ። ንጉሡም ተቀበሉት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የንጉሡ ጠላት ክሮምዌልም ጠየቀ፤ እሱም ባዶ እጁን ቀረ። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የወደድኩት።

አዲስ አንባቢ ዛሬም እሳት ይዤ አልገባም፣ አልለኩስም ብሎ ቃል ይገባል። የምር ነው። ቤቱ እስከ 1845 ማሞቂያ፣ እስከ 1929 መብራት አልነበረውም። በክረምት ፀሐይ ስትጠልቅ መጽሐፉን ከድኖ ወደ ቤት ነው።

«መጽሐፎቹ ሁሉ እዚያው ናቸው»

የት ይበቃቸዋል? ብዙዎቹ ከ2010 ወዲህ ስዊንደን የምትባል ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ናቸው። አንባቢ ሲያዝ በመኪና ይመጡለታል።

«እንግሊዝ ያለው የኛ ብራና ሁሉ የመቅደላ ዝርፊያ ነው»

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። በ1868 መቅደላ ላይ የተፈጸመው ዝርፊያ እውነት ነው። ከዚያ ከተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቦድሊያን ያሉት ሁለቱ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ግን ከመቅደላ መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው ከአገር የወጡት። በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ የገባው። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱን ለቦድሊያን ሰጠ። ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ። እሱንም ቦድሊያን በ1843 ከቀሩት የብሩስ ብራናዎች ጋር ገዛው። አውሮፓውያን «የጠፋ መጽሐፍ ተገኘ» አሉ። እኛ ጋ መቼ ጠፍቶ?

ብሩስ ይዞት የሄደውንና መቅደላ ላይ የተዘረፈውን አንድ ላይ ስንጨፈልቀው፣ «መልሱልን» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄያችን ራሱ ይደክማል ባይ ነኝ።

«ሄደህ ሄኖክን ታየዋለህ» ያለኝም ነበር። ለኤግዚቢሽን ካልወጣ በቀር ለጎብኚ አይታይም። እኔ በሄድኩበት ቀን አልወጣም።