የጌም ስብስብ በወሎ፦ ያለ ኔት የሚነሳው ይቀመጣል

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴም ሆነ በቆቦ የቪዲዮ ጌም ስብስብ ሳሎን ውስጥ በመስታወት መደርደሪያ ተሰድሮ እንግዳ የሚያየው ነገር አይደለም። አብዛኛው ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ማለትም በክፍያ ጌም የሚያጫውት ቤት ውስጥ ነው፦ ከቴሌቪዥኑ ስር በተገፋ ካርቶን፣ ዚፕ ባለው የሲዲ ቦርሳ፣ በባለቤቱ ሃርድ ዲስክ። ሰብሳቢውና ነጋዴው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስለሆኑ የሚቀመጠው ዕቃ ሁሉ መሥራት አለበት። ማሸጊያው ያልተከፈተ ጌም ገዝቶ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅ በሌላ አገር የታወቀ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ያልተከፈተ ጌም ሥራ የፈታ ገንዘብ ነው።

ዕቃ ሲመረጥ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ያለ ኔት ይነሳል?» የሚለው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። በአካውንት የተገዛ ጌም ኮንሶሉ (የጌም ማጫወቻው ማሽን) የአካውንቱ ዋና ማሽን ሆኖ ካልተመዘገበ ኔት ሲጠፋ ይቆለፋል። ዲስክ ያለው ግን ዲስኩን አስገብቶ ይጫወታል።

ስለ ወሎ ስብስብ ሲነሳ የ2014ቱ ጦርነትም አብሮ ይነሳል። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ንግድ ቤት ተዘርፏል፤ ኮንሶል ደግሞ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ዕቃ ነው።

ምን ይሰበሰባል

ከሁሉ የሚያረጀው «ቲቪ ጌም» የሚባለው ነው፤ ኔንቲዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋሚኮም የቻይና ቅጂ። (ከዚህ በታች የኮንሶል ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ካርትሪጁ ላይ «9999 በ1» ተብሎ ይጻፋል፤ ቢቆጠር የተለያየው ጌም ጥቂት ነው፤ የቀረው ስሙና መነሻ ደረጃው እየተቀያየረ የተደጋገመ ነው። ለትዝታ ካልሆነ ዋጋ የለውም።

እውነተኛው ስብስብ የሚጀምረው ከፕሌይስቴሽን 2 ነው። በመጋቢት 2000 ወጥቶ ምርቱ እስከ 2013 መጀመሪያ የቀጠለ፣ ከ160 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። አካውንት አይጠይቅም፣ አፕዴት አይጠይቅም፣ ሴቩ (ጨዋታው የቆመበት ማስቀመጫ) በ8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ላይ ያልቃል። ለዚህ ማሽን የወጣው የመጨረሻ ፊፋ ፊፋ 14 ነው፤ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ደግሞ እስከ 2014 እትሙ ወጥቶለታል። እነዚህን ሁለቱን በኦሪጅናል ዲስክ የያዘ ሰው በቀላሉ አይሸጣቸው።

ኦሪጅናል ዲስክ ከኮፒ የሚለየው በጀርባው ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ኦሪጅናል ጀርባው ጥቁር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ጠራ ያለ ብርማ ሲሆን፣ በሲዲ የወጡት ጥቂቶቹ ሰማያዊ ናቸው። በቤት የተቀዳው ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ቀለም ያሳያል። ያ ቀለም መረጃውን የያዘው ኬሚካል ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዘዋል። ብርሃን የሚመልሰውም ከኦሪጅናሉ ያነሰ ስለሆነ የማሽኑ ሌንስ ለማንበብ ይቸገራል። ሌንሱ «አልቆበታል» ሲባል ጠጋኙ ትንሿን ብሎን አዙሮ የሌዘሩን ኃይል ይጨምርለታል። ማሽኑ ለጊዜው ያነባል፤ ሌንሱ ግን ዕድሜው ያጥራል። ከዚያ ይልቅ ሌንሱን መቀየር ይሻላል።

ከ2010ዎቹ ወዲህ ቦታውን የያዘው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። በመካከሉ ያለው ፕሌይስቴሽን 3 እስከ ፊፋ 19 ድረስ ጌም ወጥቶለታል፤ በሰብሳቢ ዘንድ ግን እንደ እንጀራ ልጅ ነው። በላፕቶፕ በኩል ፕሮ ኢቮሉሽን 2013 አሁንም የሚጫነው ደካማ ማሽን ላይ ስለሚሠራ ነው።

የእግር ኳስ ጌም ዲስክ ድሮ አዲሱ ሲመጣ ይጣል ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። አሳታሚው ኢኤ ከፊፋ ጋር የነበረውን የስም ውል ጨርሶ በመስከረም 2023 ጌሙን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ብሎ ሲያወጣ፣ የቀድሞዎቹን የፊፋ እትሞች ከዲጂታል መደብሮች አነሳቸው። ፕሮ ኢቮሉሽንም ከ2021 ወዲህ «ኢፉትቦል» ተብሎ በዳውንሎድ ብቻ የሚገኝ ሆኗል። ስለዚህ የፕሮ ኢቮሉሽን 2021 የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ በዲስክ የወጣ የመጨረሻው ነው። ይህን ዲስክ የበለጠ ተፈላጊ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ በኤዲት ክፍሉ በኩል የክለብ ማልያና አርማ ከፍላሽ ላይ ማስገባት ይቻላል። የፈለገ ሰው የደሴ ከነማን ወይም የወልዲያን ማልያ ሠርቶ ማስገባት ይችላል፤ ኔት አይጠይቅም።

የተከፈተ፣ ማለትም ክራክ የተደረገ (የተቀዳ ጌም እንዲያስነሳ ቁልፉ የተሰበረ) ፕሌይስቴሽን 4ም በገበያው ብዙ ነው። ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው የሲስተሙን ቁጥር ነው፤ ማሽኑ የሚከፈተው በተወሰኑ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ 9.00 እና 11.00 ስማቸው የሚጠራው ለዚህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ግን መዘንጋት የለበትም።

ሲገዛ የሚታይ

ኮንሶል ወደ ወሎ የሚገባው በአመዛኙ ከአዲስ አበባ ነው፤ ከዓረብ አገር በሚመለስ ዘመድ ሻንጣም ይመጣል። መጀመሪያ የሚነበበው ከጀርባው ያለው የቮልት ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። 100-240 የሚል ካለ ሰላም ነው። ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ግን ከአሜሪካ ከመጣ ለ120፣ ከጃፓን ከመጣ ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳ ላይ ከተሰካ ፓወሩ ያኔውኑ ይቃጠላል። ስታቢላይዘር ትራንስፎርመርን አይተካም፤ ሥራው 220ውን ማረጋጋት ብቻ ነው።

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሲፈተሽ መብራቱን አብርቶ ሜኑውን አይቶ መክፈል ስህተት ነው። በባትሪ መብራት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ይታይ፤ ውስጡ 19 ፒን አለ፣ አንዱ ከታጠፈ ምስሉ ይቆራረጣል። ዲስክ ገብቶ ይውጣ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ጨዋታ ይሞከር። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ከጮኸ ፔስቱ (ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል ወይም ውስጡ በአቧራ ታፍኗል፤ ይህ ይስተካከላል። ሰማያዊው መብራት ወደ ነጭ ሳይቀየር እያንጸባረቀ ከቀረ ግን መተው ነው። የሲስተሙ ቁጥር ከ9.00 በታች ከሆነ ሌላ ችግር አለ፦ ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስትሞት ማሽኑ ሰዓቱን ይስታል፤ ከኔት ሰዓት ካላገኘ ደግሞ ዲስክ እንኳ አያስነሳም። ሶኒ ይህን ያረመው በመስከረም 2021 በ9.00 ነው።

ጆይስቲኩ ታሪክ ይናገራል። በፊፋ መሮጫው አር2፣ በፕሮ ኢቮሉሽን አር1 ስለሆነ የላላውን ቁልፍ አይቶ ቤቱ የትኛውን ሲያጫውት እንደኖረ ማወቅ ይቻላል። ዱላው ሳይነካ ተጫዋቹ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለው ፖቴንሺዮሜትር (የዱላውን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) ተበልቷል፤ ማጽዳት ለሳምንታት ያቆየዋል፣ መድኃኒቱ ግን መቀየር ነው። ቁልፍ ራሱን ሲጫን ወይም ሲጫኑት እምቢ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስሱ የፕላስቲክ ፊልም ጀርባ ያለው ስፖንጅ መሟሸሽ ነው፤ ሁለት ድርብ የኤሌክትሪክ ቴፕ ከስሩ ማስገባት ይመልሰዋል።

ዲስክና ጭረት

ጭረት በሦስቱ የዲስክ ዓይነቶች ላይ እኩል ጉዳት የለውም። ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሥዕሉ በኩል፣ ከቀለሙ ስር ነው፤ ጀርባው 1.2 ሚሊሜትር ያህል ፕላስቲክ ስላለው ጭረት ይችላል፣ ፊቱ ላይ በምስማር ቢነካ ግን አለቀ። ዲቪዲ ላይ መረጃው መሃል ላይ፣ 0.6 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። የፕሌይስቴሽን 3፣ 4 እና 5 ብሉ ሬይ ላይ ግን 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጭረት እንዳይበላው ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ከተሰበረ መመለሻ የለውም። በጥርስ ሳሙና ማሸት ለፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ አንዳንዴ ይሠራል፤ ብሉ ሬይን ያበላሻል።

ሲጠረግ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው። ዙሪያውን ማሸት ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ያስተኛዋል፣ ማሽኑም ዘሎ ሊያነብ አይችልም። የሲዲ ቦርሳ ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ከኪሱ ሲገባና ሲወጣ አሸዋ ይፍቀዋል። እያንዳንዱን ዲስክ በየራሱ ማቀፊያ፣ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል።

ደጋና ቆላ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ብርድ ይህን ያካክሳል፣ ኮንሶሉ በቁም ሳጥን ውስጥ እስካልተዘጋበት ድረስ። በከሚሴና በቆቦ ግን ሙቀቱና አቧራው አንድ ላይ ስለሚመጡ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ጽዳት ይፈልጋል። ሲጸዳ መንቀሉን አለመርሳት፤ ብሎኖቹ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቶርክስ (ጫፉ የኮከብ ቅርጽ ያለው መፍቻ) ቁጥር 8 ወይም 9 ይፈልጋሉ። በብሎወር ሲነፋ የማራገቢያው ክንፍ በጣት ይያዝ፤ በነፋስ ከተሽከረከረ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ፔስቱ የአተር ፍሬ ያህል በቂ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት ነው ያለው፤ ከፈሰሰ ቦርዱን ያገናኛል፣ ስለዚህ ለማጽዳት ብቻ ብሎ እዚያ ድረስ አይከፈትም።

ኮንሶል ሌሊት ደሴ አድሮ ማለዳ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የቀዘቀዘው ብረት ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ሳይሰኩት መጠበቅ ይበቃል። ስለ ቡና ከተነሳ፣ የከሰሉ ጭስና ዕጣኑ በሌንስ ላይ ስስ ቅባት ይተዋሉ፤ ማጨሻው ከማሽኑ ራቅ ይበል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ የፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክ መዝገቡ ይዛባል፤ ጌም ይጠፋል ወይም ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ አንዴ «ጢጥ» ይላል፣ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲደግም መልቀቅ። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኝቶ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን መምረጥ። መዝገቡን ብቻ ያድሳል። 6ኛውና 7ኛው ሁሉንም ይጠርጋሉ፤ ብዙ ስብስብ የጠፋው በዚህች አንድ መስመር ስህተት ነው። ሃርድ ዲስኩ ጨርሶ ከሞተ አዲሱ ላይ ሲስተሙን ለመጫን 1 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን ፋይል ስለሚያስፈልግ፣ ኔት ባለበት ቀን አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ የደሴ ሰው ወግ መሆን ነበረበት።

ስለ መጪው ኮንሶል

ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2 በአሜሪካ በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 በ99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 በተቃራኒው በ499 ጀምሮ በነሐሴ 2025 እዚያው አሜሪካ 549 ዶላር ገባ። ወደ ወሎ የሚመጣው ደግሞ ትራንስፖርቱንና ቀረጡን ጨምሮ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ከጌም ቤቱ ቶሎ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከዚህ በኋላ አያዋጣም።

ሶኒና ቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ በጥቅምት 2025 ስለ መጪው ማሽን ሲናገሩ ያነሱት ምስልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጉላትን፣ የብርሃን ጨረር ስሌትንና የሜሞሪ መረጃን ማመቅን ነው። ማይክሮሶፍትም ከኤኤምዲ ጋር በሰኔ 2025 የብዙ ዓመት ስምምነት አስታውቋል። ይህ ሁሉ ለ4ኬ ቴሌቪዥን ነው። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰው ተፋጥጦ ፍጹም ቅጣት ምት ለሚመታበት ቤት ለውጡ እምብዛም አይታይም። የሚያዋጣው መሻሻል በማግኔት የሚሠራ፣ የማይበላ የጆይስቲክ ዱላ ነበር።

ወሎን የሚነካው የዲስክ ማስገቢያው መጥፋት ነው። በኅዳር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በ700 ዶላር ተሸጦ ዲስክ ማንበቢያ የለውም፤ ለብቻው ይገዛል። የኔንቲዶ ስዊች 2 አንዳንድ ካርዶችም ጌሙን አልያዙም፤ ቁልፍ ብቻ ናቸው፣ ጌሙ ከኔት ይወርዳል። ቀጣዩ ፕሌይስቴሽንም ማንበቢያውን ተነቃይ ማድረጉ ይቀጥላል ብሎ መገመት ከባድ አይደለም።

ተነቃዩ ማንበቢያ ደግሞ መጀመሪያ ሲገጠም ከማሽኑ ጋር የሚጣመረው በኔት ነው። ስሊሙን (ቀጠን ያለውን ፕሌይስቴሽን 5) ወይም ፕሮውን ከአዲስ አበባ የሚገዛ ሰው ማንበቢያውን እዚያው አስገጥሞ፣ ከኔት ጋር አገናኝቶ፣ አንድ ዲስክ አስገብቶ ሲነሳ ካላየ በስተቀር የደሴን አውቶቡስ አይሳፈር።