ዓለም ሕልም ሲመስል፦ ከጭንቀት የሚመጣ የባዕድነት ስሜትና አያያዙ በወሎ

ከጭንቀት ጋር የሚመጣ፣ ሰው ለመናገር እንኳ የሚቸገርበት ስሜት አለ። በገዛ ሰፈሩ እየተራመደ ሰፈሩ እውነት አልመስል ይለዋል። ቤቱ፣ መንገዱ፣ የሚያውቃቸው ፊቶች ከመስታወት ጀርባ ያሉ ይመስሉታል። አንዳንዴ ደግሞ ለራሱ ባዕድ ይሆናል። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል፤ እጁን አይቶ «የኔ ነው?» ያሰኘዋል። ሐኪሞች የመጀመሪያውን ዲሪያላይዜሽን፣ ሁለተኛውን ዲፐርሶናላይዜሽን ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ደሴ ወይም ወልዲያ ያለ ሰው እነዚህን ስሞች ይዞ አይመጣም። «ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል»፣ «አለሁም የለሁም»፣ «ደነዘዝኩ»፣ «ቀልቤ ከኔ ጋር አይደለም» ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላብድ ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

አይደለም። ይህን መልስ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ይገባል፤ ስሜቱን ከሚያቆዩት ነገሮች ትልቁ ይኸው ፍርሃት ነውና። በዚህ ስሜት ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ «ይመስለኛል» ነው የሚለው። ዓለም እንዳልተለወጠ፣ የተለወጠው የራሱ ስሜት እንደሆነ ያውቃል። ከእውነታ የሚያፋታ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ይህ ማወቅ ነው።

ስሜቱ የዘመኑ ፈሊጥ አይደለም። ዲፐርሶናላይዜሽን የሚለውን ስም ፈረንሳዊው ሉዶቪክ ዱጋ ወደ ሥነ ልቦና ጥናት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ለደቂቃ መጥቶ የሚሄደው ዓይነት በጣም የተለመደ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ለቅሶ ላይ የሰነበተ፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰንብቶ፣ ተመላልሶ ኑሮን የሚያውከው ግን ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ እንደሚታይ ይገመታል። በአማካይ በ16 ዓመት አካባቢ ይጀምራል። ወንድና ሴት ላይ ተቀራራቢ ነው።

እንዴት ይመጣል? አእምሮ የአደጋ ስሜት ሲበዛበት ስሜትን ያደበዝዛል። በእውነተኛ አደጋ ሰዓት ይህ ይጠቅማል፤ ሰው ሳይርበተበት ልጁን ይዞ እንዲወጣ ያደርገዋል። ጭንቀት ግን አደጋ በሌለበትም ያንኑ ያስነሳል። ትንፋሽም ድርሻ አለው። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ከሰውነቱ ይወጣል፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮችም ይጠባሉ። ራሱን ቅልል ይለዋል፣ ጣቶቹንና ከንፈሩን ይወረዋል፣ ዓይኑ ብዥ ይላል።

ቀሪውን ፍርሃቱ ይጨርሰዋል። ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ፒያሳ በባጃጅ የሚሄድ አንድ ወጣት እናስብ። ሌሊቱን አልተኛም፣ ቁርስ አልበላም። መንገድ ላይ የሾፌሩ ድምፅ ድንገት ከሩቅ የሚመጣ ይመስለዋል። የደሴ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ያም ይጨመርበታል። «ወራጅ!» ብሎ ይወርዳል። ሲወርድ ቀለል ይለዋል። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ አእምሮው ያዳነው መውረዱ እንደሆነ ይማራል። በማግስቱ ባጃጅ ይፈራል። በሳምንቱ ገበያ ይፈራል። ቤት ተቀምጦ ደግሞ መስታወት እያየ፣ እጁን እያገላበጠ «አሁንስ አለ?» እያለ ራሱን ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ተመራማሪዎች ይህንን አዙሪት በዝርዝር አስረድተዋል። ስሜቱን የእብደት ምልክት አድርጎ መተርጎም ጭንቀቱን ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ስሜቱን መልሶ ያመጣል።

በወሎ የጭንቀት ምንጭ ሩቅ አይፈለግም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎባቸዋል። ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ሱቁን ባዶ ያገኘ ሰው ብዙ ነው። ዐረብ አገር ሄደው የተመለሱ እህቶችም አሉ። አንዳንዶቹ በሰው ቤት ተዘግቶባቸው፣ ለወራት በቂ እንቅልፍ ሳያገኙ ሠርተዋል። አገር ቤት ገብተው፣ እናታቸው እቅፍ ውስጥ ሆነው «የመጣሁ አይመስለኝም» ሲሉ ቤተሰብ ይከፋዋል። ሊከፋው አይገባም። ይህ የልብ መጨከን አይደለም፤ ያሳለፉት ነገር ስሜታቸውን አደንዝዞት ነው።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ ስሜቱ ሲመጣ መታገል አይጠቅምም። «ይኼ ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብሎ የያዙትን ሥራ መቀጠል ይሻላል። ሽንኩርት የሚከትፍ መክተፉን፣ የሚያጠና ማጥናቱን አይተው። ትንፋሹን ያርግበው፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያውጣ። በረጅሙ ደጋግሞ መሳብ ግን ያባብሳል። ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ እግርን መሬት ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሳረፍ፣ ዙሪያን እያዩ 5 ነገር በስም መጥራት ይረዳሉ። ዓላማው ትኩረትን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ስሜቱ ወዲያው ባይጠፋም አልሠራም ማለት አይደለም፤ በየደቂቃው ከመፈተሽ መቆጠብ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ነገር አለው፦ ቡናው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ቡናው ምጣድ ላይ ይንጣጣል፣ ጢሱ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ይዞራል፣ አድሩሱ፣ ማለትም ዕጣኑ፣ ፍም ላይ ይጨመራል። ሲኒው ጣት ያቃጥላል። አባት ይመርቃሉ፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። ማየት፣ ማሽተት፣ መዳሰስ፣ መስማት፣ መቅመስ ሁሉም እዚያ ናቸው። ባለሙያዎች በልምምድ የሚያስተምሩት ትኩረትን ወደ ስሜት ሕዋሳት የመመለስ ዘዴ እዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያደርገው ነገር ነው። ደግሞም «አብሽር» የሚል ሰው አለ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ልብን ያስመታል፣ ድንጋጤንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስሜቱ ያለበት ሰው አቦልን አሳልፎ በረካ ላይ ቢደርስ ይሻለዋል። የቡናው ጥቅም ያለው ቁጭ ማለቱ ላይ ነው።

ጫት ላይ እንዲህ መለሳለስ አልችልም። ብዙ ወጣት ጭንቀቱን ለማስታገስ በርጫ፣ ጫት ሊቅም፣ ይቀመጣል። ጫት አነቃቂ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያዘጋል። ሲያቆሙት ዱካክ፣ ማለትም ቅዠትና ድብርት፣ ይመጣል። በማግስቱ ለሚመጣው የባዕድነት ስሜት ከዚህ የተመቸ መሬት የለም። በጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ በሚጠጣ መጠጥ፣ ማብረዱ ደግሞ እንቅልፉን መልሶ ይሰባብረዋል። ካናቢስም ስሜቱን እንደሚያስነሳ በደንብ የታወቀ ነው፤ ነካክቶት የጀመረው ሰው ሙሉ በሙሉ ቢያቆመው ይመከራል።

እንቅልፍና ምግብ የሚናቁ አይደሉም። በጾም ወይም በረመዳን ስሜቱ የሚበረታበት ሰው ረሃቡን፣ የውሃ ጥማቱንና የእንቅልፉን መቆራረጥ ሊያስብ ይገባል። ሰሑርን አለመተው፣ ከሃይማኖት አባት ጋርም መመካከር ይቻላል።

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ዓይነ ጥላን፣ ጅንን ወይም ቡዳን ነው። ወደ ጠበል ይወስዳል፣ ሩቅያ (ለፈውስ የሚቀራ ቁርአን) ያስቀራል። በዱዓውና በጸሎቱ የሚረጋጋ ሰው ብዙ ነው፤ ያንን መንጠቅ ተገቢ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ሰው ሲታሰር፣ ሲገረፍ፣ እንቅልፍ ሲከለከል ወይም የጀመረውን መድኃኒት አቋርጥ ሲባል ነው። «ጅን ይዞሃል» የሚለው ቃል ብቻውን እንኳ ቀድሞ የፈራን ሰው ይበልጥ ያስፈራዋል። ጠበልም እየሄዱ፣ ሱራም እያስቀሩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይቻላል።

ለዚህ ስሜት ብቻ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሚታከመው ከሥሩ ያለው ጭንቀት ነው። የንግግር ሕክምናው የተፈራውን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መልመድንና መፈተሽን መተውን ያሠለጥናል። ሐኪም እንደ ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል። ማረጋጊያውን ዲያዜፓም ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን ሱስ ሊያስይዝ ይችላል።

አንዳንድ ምልክት ቀጠሮ አይሰጠውም። ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መንከስ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሽታ ካለ የሚጥል በሽታ መሆኑ ይመርመር። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረም እንዲሁ። ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት ወይም የመሞት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ሰውዬውን ብቻውን አለመተው ነው።

ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መጓዝ ነበር። አሁን በደሴ ትልቁ ሆስፒታል አገልግሎቱ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሳይካትሪ ባለሙያ ያሠለጥናል። ገጠር ያለ ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ሪፈር ማስጻፍ ይችላል። እዚያ ሲደርሱ «ጭንቅላቴን ያመኛል» ብሎ ብቻ ማለት በራስ ምታት መድኃኒት ሊያስመልስ ይችላል። ስሜቱ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ፣ ጫትና ቡና ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ መናገር ይረዳል። ወረፋ ሰው ፊት መናገር የሚከብደው ወረቀት ላይ ጽፎ ለባለሙያው ይስጥ።