«ካልሞቱማ ምኑን ፍቅር ሆነ?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ጅማ መርካቶ አካባቢ መጽሐፍ አከራያለሁ። ከሁሉ በላይ የሚወጣው የፍቅር ልቦለድ ነው። አንብቤ ስጨርስ ከሽፋኑ ጀርባ ግማሽ ገጽ ግምገማ እለጥፋለሁ፤ ቀጣዩ ሰው ምን እንደሚከራይ ይወቅ ብዬ። ታዲያ ያነበበው ሁሉ ቆሞ ይከራከረኛል። ክርክር አልጠላም። የሰለቸኝ ሁሌም ያው መሆኑ ነው።

«የፍቅር ልቦለድ የሴት ነው።» በጋዜጣ ሸፍኖ የሚወስድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። በሳምንት ሁለት ይጨርሳል።

«ግምገማ ማለት ታሪኩን ማሳጠር ነው።» እሱማ የኋላ ሽፋኑ ላይ ታትሟል።

«ቀመር ያለው መጽሐፍ ኩረጃ ነው።» ቀመር የምለው ደጋግመን ያየነውን የታሪክ መንገድ ነው፤ ሲናቆሩ የሚዋደዱ፣ ለይምሰል ተጋብተው የምር የሚፋቀሩ፣ ከውጭ የተመለሰ የድሮ ፍቅረኛ። ሲናቆሩ የሚዋደዱትን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን በ1813 እ.ኤ.አ. ጽፋቸዋለች። ከእሷ በፊት ሼክስፒርም ሠርቶባቸዋል። ኮራጅ ያላት የለም።

ሰርግ ላይ ሚዜዎች ሲደርሱ የሙሽራዋ ወገን «አናስገባም» ብሎ በር ይዘጋ የለ? እንደሚገቡ የማያውቅ ማን አለ? ግን ያለዚያች ግፊያ ሰርጉ አይደምቅም። እኔም ስገመግም በሩ ተከፈተ ወይ አልልም፤ ግፊያው የምር ነበር ወይ ነው የምለው። በቅርቡ ያነበብኩት ላይ ጥንዶቹን ግማሽ መጽሐፍ ያራራቃቸው አንድ ያልተነሳ ስልክ ነው። አንዲት ቴክስት ቢላላኩ ያልቅ ነበር። ደካማ የምለው ይኼን ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ። «መጨረሻቸው ካማረ ርካሽ ነው፤ ካልሞቱማ ምኑን ፍቅር ሆነ?»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ የተማሩት ናቸው። አንድ መምህር፣ ጨዋ ሰው፣ «መጨረሻው አንጀት ያርሳል» ብዬ ስለጻፍኩ ብቻ መጽሐፉን ሳይከፍቱ መለሱልኝ። «የእኛ ልቦለድ ወጉ ኀዘን ነው» አሉኝ። ማስረጃቸው እንደተለመደው ፍቅር እስከ መቃብር።

ጋሼ፣ ልክ ነው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ያስለቅሳል። እኔም ትራሴን በእንባ አርሼ አድሬበታለሁ። ግን በዛብህና ሰብለን የለያያቸው የፊታውራሪ ልጅ ለደሃ ልጅ የማትሰጥበት ሥርዓት ነው። ኀዘኑ ከታሪኩ ሆድ የወጣ ነው። የዛሬዎቹ ግን ሥርዓቱን ትተው መቃብሩን ብቻ ወሰዱ። ጥንዶቹ ታርቀው፣ ቀለበት ተገዝቶ፣ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪና ይገለበጣል። ለምን? ጎማው ይወቅ።

ደግሞስ የማን ወግ ነው? የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ጦቢያ እያልን የምንጠራው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ታተመ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች፤ አንዲት ልዕልት ወንድ መስላት ትወዳታለች። ይኼ ቀመር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መጨረሻውስ? ሰርግ! ማንም አልሞተላትም፣ ግን ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም ስሟ አለ።

መምህሩ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ የድሮ ነው» አሉኝ።

«ቅናት የፍቅር ምልክት ነው።» ስልኳን ይበረብራል፣ ደጇ ላይ ያድራል፣ «ካላንቺ እሞታለሁ» ይላል፤ ደራሲው ደግሞ ጀግና ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ግምገማው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። እህቶቼ፣ ይኼ ጀግና እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቢከተላችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሩጡ እንጂ አትሽኮርመሙ። ስልካችሁንም ቆልፉ። ለእናታችሁም ንገሩ።

«መጨረሻው ከታወቀ ማን ያነባል?» የኪራይ መጽሐፍ ቀድሞ የሚላቀቀው የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። መጨረሻው ላይ ነው። የጅማ ዝናብ እስኪያባራ ደጄ ላይ የተጠለለ ሁሉ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ያያል፤ ከዚያ ተከራይቶ ከመጀመሪያው ያነባል። እኔ በማስቲሽ ስለጥፍ እውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት መምህሩም ቆመው መጨረሻውን ሲያዩ ያዝኳቸው። ያንኑ የመለሱትን መጽሐፍ። ተከራዩት። ሊወጡ ሲሉ ግን ዞር ብለው ጋዜጣ እንድሸፍንላቸው ጠየቁኝ።