የሬላቲቪቲ ሥዕል ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ሬላቲቪቲን፣ የአይንስታይንን የጊዜና የቦታ ሐሳብ፣ በቀመር ብቻ የተማረ ሰው ቀመሩን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩ አይገባውም። የሚያስገባው ሥዕሉ ነው። የስፔስታይም (የቦታና ጊዜ) ዲያግራም ይባላል፤ የሚንኮቭስኪ ዲያግራምም ይሉታል። ሄርማን ሚንኮቭስኪ ዙሪክ ውስጥ አይንስታይንን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣውን ሐሳብ በ1908 ኮሎኝ ላይ ባደረገው ንግግር በጂኦሜትሪ አስረዳ፣ ከዚያ ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ለመሣል ካሬ ያለው ደብተር ይበቃል። ወደ ጎን ቦታ፣ ወደ ላይ ጊዜ። ትምህርት ቤት የለመድነው ግራፍ ጊዜን ወደ ጎን ስለሚያደርግ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። በዚህኛው ቀጥ ያለ መስመር ዝግ ያለ ነገር ነው፣ ያጋደለው ደግሞ ፈጣን። ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ቡና ብትጠጡ መስመራችሁ ሽቅብ ብቻ ይወጣል፤ ቦታ ባትቀይሩም ጊዜው እየሄደ ነዋ።

ከደሴ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን መንገድ ጠመዝማዛ እንርሳውና፣ ቀጥታ 24 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ካሬ ወደ ጎን 8 ኪሎ ሜትር ትሁን፣ ወደ ላይ ደግሞ ብርሃን ያንን 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድበት ጊዜ፣ ማለትም 27 ማይክሮሰከንድ ገደማ። እንዲህ ሲሆን ብርሃን ሁልጊዜ በ45 ዲግሪ ይሄዳል። ሚኒባሱስ? በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ መስመሩን አንድ ሜትር አስረዝማችሁ ብትሥሉት እንኳን ከቀጥታው የሚያፈነግጠው ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ ባነሰ ነው። ሬላቲቪቲ በመናኸሪያ የማይታወቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ የሚበር ነገር እናስብ። ኮምቦልቻ ሲደርስ 3 ካሬ ወደ ጎን፣ 5 ካሬ ወደ ላይ ሄዷል። በማስመሪያ ብትለኩት መስመሩ 5.8 ካሬ ገደማ ይወጣዋል። ማስመሪያው ግን እዚህ ያታልላል! 5ንና 3ን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ እንደ ፓይታጎረስ መደመር ሳይሆን መቀነስ ነው፦ 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ይሆናል፣ ሥሩ 4። የተጓዡ ሰዓት የሚቆጥረው 4 ነው፣ እኛ ጋ 5 ሲሆን። ወረቀቱ ላይ የረዘመው መስመር በሰዓት ያጠረው ነው፤ ይቺን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የሚቀረው የተጓዡን ዘንጎች መሣል ነው። የጊዜ ዘንጉ የራሱ የጉዞ መስመር ነው፣ በ31 ዲግሪ ያጋደለ። የቦታ ዘንጉም በዚያው ልክ ከአግድሙ ሽቅብ ይነሳል፣ ማለትም ሁለቱ እንደ መቀስ ወደ ብርሃኑ መስመር ይጠጋሉ። ለእሱ "አሁን" የሚባለው ከዚያ ካጋደለው ዘንግ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ሁሉ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለእኛ በአንድ ቅጽበት የበሩ ሁለት መብራቶች ለእሱ በአንድ ቅጽበት አይበሩም፤ ወደፊቱ ያለው የኮምቦልቻው በ60 ማይክሮሰከንድ ይቀድማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚበር ደግሞ የደሴው ይቀድማል። ማን ተሳሳተ? ማንም።

ይህ ግን ገደብ አለው። ከአንድ ነጥብ በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ የሚወጡት መስመሮች የብርሃን ኮን ይባላሉ፣ በኮኑ ውስጥ ያለ ነገር ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ከደሴ ደውላችሁ ኮምቦልቻ ያለ ስልክ ቢጠራ፣ የጠራው ከመደወላችሁ በፊት ነው የሚል ተጓዥ፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ አይገኝም።