በእጅ የሚያዙ የሕክምና መመርመሪያዎች፦ ንድፋቸው ከድሬዳዋ አንጻር

በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ የሚባለው ሕመምተኛው ባለበት ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ፣ ውጤቱንም በብሉቱዝ ወይም በስልክ መስመር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ይህ ዳሰሳ መሣሪያው ለድሬዳዋ ሲነደፍ ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ይመለከታል።

የመሣሪያው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። የመጀመሪያው የደም ስኳር መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ በ1987 በብዕር መጠን ተሠራ። በ2017 በተጠናቀቀው የአሜሪካ ውድድር፣ ብዙ በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚለይ የእጅ መሣሪያ ለሚሠሩ ከተመደበው 10 ሚሊዮን ዶላር አንደኛ ለወጣው ቡድን የደረሰው 2.6 ሚሊዮን ነው።

የድሬዳዋ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ከተማዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት የትኩሳት ወረርሽኞች አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ ሕመሞች ናቸው)፣ በ2022 ደግሞ ወባ። ሦስቱም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጀምራሉ፤ ነገር ግን የሚታከሙበት መንገድ የተለያየ ነው። የቀድሞው ሰው ወባውንም ሌላውንም ትኩሳት «ንዳድ» ብሎ ይጠራው ስለነበር፣ መሣሪያው «ንዳድ አለብዎት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንዱን ከሌላው አይለይም።

የወባው ወረርሽኝ በተለይ በደንብ ተጠንቷል። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ ከጥር እስከ ግንቦት 2022 ግን 2,425 ደረሱ። ወረርሽኙ የመጣው ዝናብ በማይጠበቅበት ወቅት ነው። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ በከተማ የምትኖር ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው፤ ውኃ ተራ በሚጠበቅበት ሰፈር ደግሞ በርሜልም ሮቶም አይታጣም። ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታይታ ነበር። በባቡሩ መስመር ገባች የሚሉ አሉ፤ ነገሩ አልተረጋገጠም፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1902 በባቡር የተቆረቆረች እንደመሆኗ ነዋሪዋ ባቡሩን ለመክሰስ አይቸኩልም።

ለንድፍ የሚበጀው ትልቁ ትምህርት ከዚሁ ጥናት የተገኘ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኤች.አር.ፒ.2 የተባለውን፣ ወባን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በድሬዳዋ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋበት ጥገኛ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ወባ እያለበት መሣሪያው «የለም» ይላል። ስለዚህ «አለ» የሚለውን ውጤት ብቻ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ለዚህች ከተማ አይበቃም። «የለም» የተባሉት ትኩሳታሞችም ከነቀበሌያቸው መላክ አለባቸው፤ ከአንድ ሰፈር ሃያ «የለም» ከሃያ ትኩሳታም ጋር ሲመጣ ጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ይዞ ሊሄድ ይችላል። መሣሪያን ከመረብ ጋር ማገናኘት በዚህ ስሌት ትርፉ ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ውጤቱን አስቀምጦ በኋላ እስከላከ ድረስ።

የአጠቃቀሙ ነገር የሚታየው ግቢ ውስጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት ወግታ ጠብታውን ታስቀምጣለች፣ የማጠቢያውን ፈሳሽ ትጨምራለች፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለሚያጠፋባት በነጠላዋ ጥላ ትሠራለታለች። ቡና የቀረበላት ባለሙያ ሰዓቱን ልትረሳ ትችላለች፤ በመመርመሪያው ላይ ውጤቱን የሚያሳየው መስመር ዘግይቶ ከተነበበ ደግሞ ያሳስታል። ስለዚህ ሰዓቱን መቁጠርና ጊዜው ካለፈ ውጤቱን አልቀበልም ማለት የመሣሪያው ሥራ ነው። ብዙዎቹ የስኳር መለኪያ ወረቀቶች ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ የታዘዘ ነው፤ የድሬዳዋ ቀን በሰኔ ከዚያ ያልፋል። የሙቀት መለኪያ ያለው ማኅደር፣ ወረቀቱ ከተበላሸ የሚናገር፣ ከማማር ይበልጥ ይጠቅማል።

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ልኬት በከፍታ ስለሚስተካከል በሁለቱ መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት የወጣ መሣሪያ ከፍታውን ማወቅ አለበት። ቋንቋው ቢያንስ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው፤ ፊደሉም ግዕዝና ላቲን።

ቀላል የሚመስለው ግን ሥራ የሚያበዛው የስምና የቀን ጉዳይ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ የሚያስገድድ ቅጽ የአባትን ስም ወስዶ ወንድማማቾችን ከአባታቸው ይለያቸዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት መዝገብ ላይ የተጻፈው ምርመራ መሣሪያው ላይ 14 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ደግሞ ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ ሊመዘግብ አይችልም፤ ባለሙያዋም ሥራው እንዳይቆም ነሐሴ 30 ትለዋለች።